ለሰይፉ መርዶ ይዤ ለንደን የሄድኩበት ሳምንት

ከተመለስኩ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ያሉ ወዳጆቼ «ለንደን እንዴት ነው?» ይሉኛል። ስለ ከተማው ብዙ የምነግራቸው የለኝም። ወንዙን አይቻለሁ፣ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይ ወጥቻለሁ፣ ቤተ መንግሥቱን ግን አላየሁትም። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። አብዛኞቻችሁ እዚያ የመድረስ ሐሳብም የላችሁም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋለ እንደ አደረ ልጻፍላችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ሁሉን ነገር የምሠራው ቀስ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ጌታሁን ግንቦት ላይ አረፈ። በወጣትነቱ ሩሲያ ሄዶ እርሻ ሲማር ሰይፉ የሚባል ጓደኛ ነበረው። መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስቅ ታሪክ መተረክን ሁለቱም የተማሩት እዚያው፣ በተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ነው። ጌታሁን ተመልሶ የእርሻ ባለሙያ ሆነ። ሰይፉ በዚያው ቀረና ኋላ ለንደን ገባ፤ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ ማታ ማታ ያንኑ ትረካውን ቀጠለ። ታሪኩን የሚፈጥረው ጌታሁን፣ መድረክ ላይ የሚወጣው ሰይፉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ያወራሉ፤ ጌታሁን ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በሩስኛና በአማርኛ እየቀላቀለ ሲስቅ እኔ ማእድ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ።

ጌታሁን ባረፈበት ሳምንት ሰይፉ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። «አሁን ቢሰማ እሱም ይከተለዋል» ተባለና ተደበቀ። ከዳነ በኋላ ደግሞ ማን ይንገረው? መርዶ በስልክ አይነገርም። ለንደን ያለው የሀበሾች ማኅበር ሰዎች «ከቤተሰብ አንድ ሰው ይምጣና አብረን እናርዳው» አሉ። እስከዚያው ሰይፉ በደወለ ቁጥር «ጉሮሮውን ታሟል፣ ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል» ይባላል። መጀመሪያ እንዲህ ያለው የባለቤቴ ወንድም ነበር፤ ከዚያ ሁላችንም አልነው። የቪዛው ነገር ወራት ፈጀ። ወረቀቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

ማክሰኞ

በጠዋቱ ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ጎረቤቶቼ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አንዷ በሶ፣ ሌላዋ ሽሮ አሸከሙኝ። ቦሌ ላይ ሻንጣዬ ሲከፈት የበሶው ፌስታል ተፈትቶ ትርፍ ጥቁር ቀሚሴ ላይ ፈስሶ ነበር። ፈታሿ ልጅ እግር ናት።

«እማማ፣ ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ጓደኛ።»

«ባለቤትዎም እዚያ ናቸው?»

ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ፊቷ ቆሜአለሁ። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ስታይ የምትውል ልጅ የሰው ልብስ የማየት ጊዜ የላትም። «እዚያ አይደለም» አልኳት። ቀሚሴን ከሻንጣው አውጥታ አራገፈችና በደንብ አጣጥፋ መለሰችልኝ። እናቷ በደንብ አሳድገዋታል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጎኔ አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ሰውዬው የሚስቱን ምግብ ክዳን እየከፈተ ያቀርብላታል፤ እሷ ደግሞ የማትወደውን ከፊቷ አንስታ እሱ ሳህን ላይ ታደርጋለች። ሳይነጋገሩ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከውጭ ጨለማ ነበር።

ረቡዕ

የተቀበለችኝ የሟች እህቴ ልጅ ሰናይት ናት። በልጅነቷ ለንደን ገብታ እዚያው ያደገች ናት፤ አርችዌይ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ቤት አላት። ከአየር ማረፊያው ሁለት ባቡር ቀያይረን ሄድን። እዚህ ሚኒባስ ውስጥ ብዙ ከተጓዝሽ ቢያንስ የአንድ ሰው ልጆች ስንት እንደሆኑ አውቀሽ ትወርጃለሽ። እዚያ ከተሳፋሪው ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ለሐዘንተኛ የሚመች ባቡር ነው።

ብርዱ የተለየ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። የእነሱ ብርድ እርጥብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጥንት ላይ ይቀመጣል። ሰናይት ሻይ አፍልታ፣ ማሞቂያውን ከፍታ፣ አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ሶፋ ላይ ልትተኛ ተሰናዳች። ተከራከርኳት፤ አልሆነም። ከዚያ ከቁም ሣጥኗ አንድ ወይን ጠጅ ሹራብና ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ ነገ ጋሼ ሰይፉን ቪዚት ልናደርጋቸው ነው። በዚህ ልብስ ካዩዎት ያውቃሉ።»

«ዓመቱ አልደረሰም እኮ።»

«እስከ እሁድ ብቻ። ጋሽ ወርቁ እሁድ ማለዳ ይሁን ብለዋል። ሁሉም ኦፍ ነው።»

ጋሽ ወርቁ የማኅበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«መርዶ በዕረፍት ቀን ነው እንዴ የሚቀጠረው?»

«ታዲያ መቼ ይሁን? ሌላ ቀን ሰው አይሰበሰብም። ደግሞ ቅዳሜ ባተርሲ ሾው አላቸው። ከዚያ በፊት ቢነገራቸው ካንስል ሊያደርጉት ነው። አንድ ደስ የሚላቸው ምሽት ይኑራቸው ብለን ግሩፑ ላይ ተነጋግረን ሁላችንም ቲኬት ቡክ አድርገናል። ሁልጊዜ አሥራ ምናምን ሩሲያውያን ሽማግሌዎች ናቸው የሚመጡላቸው። የአሁኑ ይሙላላቸው ብለን ነው።»

ሐሳቡ ደግ ነበር። ጥቁሬን አውልቄ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩ። በመስታወት ያየኋት ሴት ባሏ ቤት የሚጠብቃት ትመስል ነበር።

ሐሙስ

ሰናይት እስከ ሰይፉ ሰፈር፣ እስከ ስትሪትሃም ሸኝታኝ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ሰይፉ የሚኖረው ከሱቆች በላይ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አገር ቤት መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ስለነበር ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ግን እንዴት ከስቷል! ካፖርቴን እየተቀበለ ገና በሩ ላይ ጀመረኝ።

«ሰውዬውስ?»

«ደኅና ነው።»

«ጉሮሮው?»

«እንደዚያው ነው።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለ ጌታሁን! ደብረ ብርሃን እንዴት ፀጥ ብላ ይሆን? ምነው፣ በምልክት ነው የሚቆጣሽ?»

«አይቆጣኝም።»

«ደክሞት ነው እንጂ በጨዋነቱማ አይደለም።»

ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ልቤ ውስጥ የሆነውን በዚያች ሰዓት በቅጡ አላወቅኩትም። ምሳ ሲያቀርብ ነው የገባኝ። ጾም መሆኑን አስታውሶ ቀይ ሥር በጎመን ቀቅሎ፣ የሩሲያ ሾርባ ሠርቶልኛል። እየበላን ይጠይቀኛል፤ እመልሳለሁ። አሁንም ሻዩ ውስጥ ስኳር ያበዛል? ያበዛል። አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬን ይላል? ይላል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ያማርራል። ስድስት ወር ሙሉ «ነበር» ሲል የከረመ አፌ «ነው» ማለትን ወደደው። በዚያ ክፍል ውስጥ ባለቤቴ ሁለተኛ ሳህን ሾርባ ሊጨመርለት የሚችል ሰው ነበር።

ከምሳ በኋላ፣ ጌታሁን ነግሮኝ እንደሆነ ጠየቀኝና ስላልነገረኝ፣ የሙያቸውን ታሪክ አጫወተኝ። ሩሲያ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በገበያ ነው አለ። በበዓል ቀን ድንኳን ይተከላል፤ ሐሰተኛ ጢም ያጠለቀ ሰው ከድንኳኑ ሰገነት ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይሳደባል፣ ሚስቱን ያማል፤ ሰው እየሳቀ ይገባል። ኋላ የቲያትር ተዋንያን ወሰዱት። መጋረጃ ፊት ብቻቸውን ቆመው የነጋዴውን፣ የጋሪ ነጂውን፣ የሰካራሙን ጸሐፊ አነጋገር ይተርኩ ጀመር። ከዚያ ምድር ቤት ባሉ ትንንሽ አዳራሾች፣ በዘፈንና በጭፈራ መካከል ወጥቶ ሰዉን የሚያጫውት ባለ ሙሉ ልብስ ሰው መጣ።

«ከዚያ ፓርቲው መጣ» አለ ሰይፉ። «ቀልድ ሁሉ አስቀድሞ ይጻፋል፣ ባለሥልጣን ያነበዋል፣ ማኅተም ይመታበታል። ተራኪው ወረቀቱን በእጁ ይዞ ነው መድረክ የሚወጣው፤ የተፈቀደ መሆኑ እንዲታይ። አንዲት ቃል መጨመር የለም። እና ምን አደረጉ መሰለሽ? ቀልዱን ወረቀቱ ላይ ካሉት ቃላት አውጥተው በመሐል ወዳለው ዝምታ አስገቡት። ዝምታ ላይ ማኅተም አይመታም። አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ዝም ይላል፣ አዳራሹ ያልተባለውን ሰምቶ ይፈነዳል። መምህራችን ሲያስተምሩን 'የራሳችሁን ድምፅ አትስሙ፣ የሕዝቡን ዝምታ ስሙ' ነበር የሚሉን። የሰዉ ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው። ሊስቅ ያለ አለ፣ የተሰላቸ አለ፣ ፖሊስ ገባ ብሎ የፈራ አለ። በጆሮሽ መለየት አለብሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወጣቶቹ ማይክራፎን ብቻ ነው የሚይዙት። እኔ አሁንም ወረቀት ይዤ ነው የምወጣው። የተጻፈበት ነገር የለም፤ ባዶ ነው። ያለሱ እጄ ዝም ማለት አይችልም።»

ጌታሁን የእኛን አገር አስለቃሽና የእነሱን አገር አሳቂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይል እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ አስለቃሿ ግጥም አውርዳ ዝም ስትል ነው ሰዉ የሚያለቅሰው። ልነግረው አፌን ከፈትኩና «ይል ነበር» ልል መሆኔን አውቄ ዘጋሁት።

ዓርብ

ከሰይፉ ጋር አዳራሹን ልናሰናዳ ባተርሲ ሄድን። እኔ ብቻዬን ከአርችዌይ እስከ ተቀጣጠርንበት ፌርማታ እንድመጣ ሰናይት መንገዱን አስጠንታኝ ነበር። መኪናቸው በግራ በኩል እንደሚነዳ ማን አስታወሰ? ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ብዙ አውቶቡስ ወደ ተቃራኒው ሲሄድ ካየሁ በኋላ አንዲት ጋሪ የምትገፋ እናት እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ሰይፉ ፌርማታው ላይ በብርድ ተኮማትሮ አገኘሁት። «ጌታሁንም እንዲሁ ነው፣ ሁልጊዜ ከማዶ ነው የሚጠብቀኝ» አለ።

አዳራሹ የሰፈር መሰብሰቢያ ነው። ታማራ የምትባል ሩሲያዊት ባልቴት ናት ምሽቱን በየወሩ የምታዘጋጀው፤ ፒያኖም ትመታለች። ቋንቋ የለንም። ሰይፉ ጾም ላይ መሆኔን ሲነግራት የእኛን ጾም የእሷ ጾም ያህል ገባት፤ ከቦርሳዋ ጨው የገባ ዱባ መሰል አረንጓዴ ነገር፣ እንጉዳይና ጥቁር ዳቦ አወጣች። ስንቀጠቀጥ አይታም የአንገቷን የሱፍ ሻርፕ ፈታ እሷው ጠመጠመችልኝ። ጥቁር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ተራቆትኩ ነበር የሚሰማኝ፤ ሙቀቱም ቀለሙም ገላዬን አሳረፈው።

ወንበር ስንደረድር ታማራ አንድ ነገር እየጮኸች ትነግረው ጀመር። ሰይፉ ቆሞ ቀረ።

«ቲኬቱ አልቋል አለችኝ» አለ። «ሀበሻ ነው የገዛው። ጽጌ፣ አንቺ መጣሽ ብለው ነው። አየሽ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሀበሻ በፈቃዱ መጥቶልኝ አያውቅም። 'ጋሼ፣ ሩስኛ አንሰማም' ነው የሚሉኝ። እንግዲያስ ለእነሱ አንድ በአማርኛ እጨምራለሁ።»

ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከላይኛው ፎቅ ወንዙ ይታያል፤ ውኃው የጣና ዓይነት አይደለም፣ ሆድ የሚያባባ ግራጫ ነው። አሁን ልንገረው አልኩ። ከሽማግሌ፣ ከቀጠሮ፣ ከአዳራሽ በፊት፣ እኔና እሱ ብቻ። እጁን ይዤ «ሰይፉ» ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«እሁድ ምሳ እኔ ጋ ነው» አለ እሱ። «ከምሳ በኋላ ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርጊለታለሽ። እሱ ዝም ይበል፤ እኔ የቅዳሜውን እነግረዋለሁ። ሲስቅ ትንፋሹን አውቀዋለሁ።»

«እሺ» አልኩት። ወርዶ እስኪሄድ በመስኮቱ አየሁት። ለእሱ ፈርቼ ብቻ አልነበረም ዝም ያልኩት። ከነገርኩት፣ ባለቤቴ ለአንድ ሰው እንኳ በሕይወት የሚኖርበት ቦታ አይቀርም።

ቅዳሜ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፊት ለፊት ሩሲያውያኑ ሽማግሌዎች፤ ከኋላና በቀኝ በኩል የእኛ ሰዎች። ሴቶቹ ለሰርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሰዋል። ጋሽ ወርቁ ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ፤ ከትረካው በኋላ ወደ ሥራ ስለሚሄዱ ከነዩኒፎርማቸው መጡ። እያንዳንዱ ሰው እየመጣ ሦስቴ ሳመኝና እጄን ጨብጦ ያዘኝ፤ ትንሽ በዛ ላለ ጊዜ። «እግዜር ያጥናሽ» ማለት ስለማይቻል እጃቸው ነበር የሚለው።

ታማራ ትንሽ ሙዚቃ መታች። ሰይፉ በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ባዶ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። በሩስኛ የተረካቸው ሁለት ታሪኮች አልገቡኝም፤ ግን ዝም ሲል ገባኝ። ወረቀቱን ያይና ቀና ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ ይንፈራፈራሉ። የእኛ ሰዎች ቋንቋውን ሳይሰሙ አብረው ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ልቡን ደስ ሊያሰኙት መጥተዋልና ከሚገባው በላይ ነበር የሚያጨበጭቡት።

ከዚያ በአማርኛ «ዛሬ ለክብራችሁ ከፕሮግራሙ ውጪ አንድ እጨምራለሁ» አለ። «ስለ ጓደኛዬ ስለ ጌታሁን ነው። ባለቤቱ እዚህ አለች፤ ከዋሸሁ ታርመኛለች።»

ከአጠገቤ ሰናይት ክንዴን ጨበጠች።

እያንዳንዱን ክፍል መጀመሪያ በሩስኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ነበር የሚተርከው። እንዲህ ነው ታሪኩ።

«ሩሲያ በገባን በመጀመሪያው ክረምት እኔና ጌታሁን አንድ ረጅም ሰልፍ አየን። ምን እንደሚሸጥ አናውቅም። እዚያ አገር ሰልፍ ካየህ መጀመሪያ ትሰለፋለህ፣ ኋላ ትጠይቃለህ። እኔ ከጭራው ቆምኩ። ጌታሁን ግን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ሰው ቆሞ እያለ ሰላም ሳይል መቆም አይሆንለትም። ከመጨረሻዋ አሮጊት ጀመረ። ኮፍያውን አውልቆ፣ እጇን ጨብጦ፣ 'እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆች ደኅና ናቸው? ከብቶቹስ?'»

ሩሲያውያኑ በሩስኛው ሲስቁ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። በአማርኛው ሲመጣ ከእኛ በኩል ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ከጉሮሮው በላይ የሆነ ሳቅ።

«የመንግሥት ሰልፍ ላይ ጤናውን የተጠየቀ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። 'ይሄ ከላይ የተላከ ነው' ተባባሉ። ሰልፉ ቀጥ አለ። ሲጋራ የያዘ ጣለ። አንዱ በፈቃዱ 'ወንድሜ ነው እንጂ እኔ አላጉረመረምኩም' ብሎ አመነ። ጌታሁን ሰላምታውን እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ ሳያስበው የሰልፉ መጀመሪያ ደረሰ። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ሽርጡን ቀይሮ ወጣ። 'ጓድ፣ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ነው' አለና ከባንኮኒው ሥር ጥቅልል አወጣ። ሲፈታው ስድስት ጫማ። ሁሉም የግራ። ጌታሁን ትኩር ብሎ አየና 'የቀኞቹስ ደኅና ናቸው?'»

ከሩሲያውያኑ አንዲት አሮጊት እንባዋን በመሐረብ ስትጠርግ አየሁ። የእኛ ሰዎች ዝም አሉ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና እንደ ሳል አስመስሎ ዋጠው። ሰይፉ ዓይኑን ወደኛ በኩል መለሰ። እንዳልሳቅንለት ነው ያየው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወደ ጫፉ ቀረበ። ሙያዬ ከዳኝ ብሎ የሚፈራ ሰው ፊት ነበረው። ተነሥቼ ላስቆመው ፈለግሁ። ምን ብዬ?

«እስከ ዛሬ በግራ እግሩ ነው የሚነሣው» አለ። «ካላመናችሁ ደውሉለት፤ ደብረ ብርሃን አለ። ጤናችሁን ጠይቆ ሳይጨርስ ካርዳችሁ ያልቃል።»

የመጨረሻዋ ቃል እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሳቅ መምጣት ነበረበት። ሰይፉ ወረቀቱን እንደያዘ ጠበቀ።

ምንም አልመጣም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ወርቁ መሬት አዩ። ሰናይት ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው። ሰይፉ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። ሐሙስ ዕለት እንደነገረኝ፣ ዝምታውን በጆሮው ሲመረምር አየሁት። የተሰላቸ ሰው ዝምታ አይደለም። የፈራ ሰው ዝምታ አይደለም። ከወንበር ወንበር፣ ከፊት ወደ ፊት ሄደና መጨረሻ እኔ ላይ ቆመ። ወይን ጠጅ ሹራቤን አየ። የታማራን ጥቁር ሻርፕ አየ።

ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው።

«ጽጌ፣ መቼ ነው?» አለኝ ከመድረኩ ላይ።

«ግንቦት ላይ» አልኩት ከተቀመጥኩበት።

ሩሲያውያኑ ሳቁ። አንዷ ከታች ሆና የምትመልስበት፣ የታሪኩ አካል የሆነ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። አጨበጨቡልን። ሰይፉ እጅ ነሣቸውና በሩስኛ አንድ ነገር ተናግሮ ወረደ፤ አሁንም ጭብጨባው ቀጠለ። ምን እንዳለ ታማራ ኋላ ለሰናይት ነግራት ነው ያወቅኩት። «ደራሲው መምጣት ባለመቻሉ ይቅርታ ይጠይቃል» ነው ያለው።

ከመጋረጃው ጀርባ ስደርስ ታማራ ወንበር ላይ አስቀምጣው ውኃ ይዛለት ነበር። መድኃኒቱን ከምላሱ ሥር አድርጓል። ላቅፈው ቀረብኩ። «እጄ ቀዝቅዟል፣ አትንኪኝ» አለ። ጋሽ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው «ሰይፉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የነገውን ትተነዋል» አሉት።

«አይሆንም» አለ። «እንደ ቀጠራችሁት ኑ።»

እሁድ

ሳይነጋ ደረስን። ወደ አሥር እንሆናለን። አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት ከውጭ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ እዚያ ሁላችንም በጠባቡ ደረጃ ላይ በሰልፍ ቆምን። ጋሽ ወርቁ ከሌሊት ሥራቸው ቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ምን እንደምንል ማናችንም አናውቅም። የሚያውቅን ሰው ምን ብለን እናረዳዋለን?

ጋሽ ወርቁ አንኳኩ። ሰይፉ ከፈተ። ቢጃማ ለብሷል፣ ፀጉሩ ተንጨፍርሯል፣ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑን ያሻል። አንድ በአንድ አየንና «ምነው በዚህ ማለዳ? በደኅና ነው?» አለ።

ጋሽ ወርቁ ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ። ከዚያ ገባቸው። ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፤ እኛም ተከተልን። «እስቲ ተቀመጥ» አሉት። «ቆሜ እሰማለሁ» አለ። «ተቀመጥ ስልህ።» ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች በግራና በቀኝ ቆሙ፣ እንደ ደንቡ። ጋሽ ወርቁ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ጥቂት ተናግረው «ወንድምህ ጌታሁን አርፏል» አሉ።

«የትኛው ጌታሁን?» አለ ሰይፉ።

መርዶ የሚረዳ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ባለቤቴ ባረፈ ዕለት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብዬዋለሁ። ከዚያ ድምፁ ወጣ። መድረክ ላይ ስላየሁት የሚያስመስልበትን ድምፅ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ማስመሰሉ የሚያበቃበትን ቦታ ጆሮዬን አቁሜ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። ሁላችንም አለቀስን። ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሴቶቹ ስሙን እየጠሩ። የታችኛው ቤት እንግሊዛዊ ወጥቶ አንኳኳ፤ ሰናይት ስትነግረው ይቅርታ ብሎ ወረደና ትንሽ ቆይቶ አንድ ካርቶን ወተት ይዞ ተመለሰ። ጾም መሆኑን ከየት ይወቀው? ተቀበልነው።

ረፋዱ ላይ ሰው ሲቀንስ ማእድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ መጣ። ጥቁሬን መልሼ ለብሻለሁ።

«ለምን እንደዚያ ሆንክ?» አልኩት።

«ሰዎቹ ከሌሊት ሥራ ነው የመጡት። የያዙትን እንደያዙ ይመለሱ?»

ብርጭቆውን ከእጄ ወስዶ ይወለውል ጀመር።

«ሐሙስ ዕለት ብቻችንን ነበርን» አለ። «ዓርብም አውቶቡስ ላይ። አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«አውቃለሁ።»

«ልቤን ፈርተሽ ነው?»

«ሾርባ እየበላን ስለሱ ስትጠይቀኝ በሕይወት ነበር» አልኩ። «እዚህ ቤት ብቻ ነበር የቀረው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ብዙ ሰው ሐዘኔን ሊሰማ ተቀምጦ ያውቃል፤ ዝም ስል ግን ሁሉም በቃል ይሞሉታል፤ አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው ይላሉ። ሰይፉ ምንም አልጨመረበትም። ቆየና እንዴት እንዳረፈ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስጨርስ «ከእንግዲህ አልወጣም» አለ፤ ስለ መድረኩ ነው። «ሌላ አዳራሽ አልነበረም እኮ። ለሱ ነበር የምተርከው።» ሊያጽናናኝ አልሞከረም፤ እኔም አልሞከርኩም።

ሰኞ

ሰናይት አየር ማረፊያ አደረሰችኝ። ታማራ ሻርፑን መልሽልኝ ሳትል ቀርታለች። በሶውን ለሰይፉ መስጠቴን አላስታውስም፤ ሻንጣው ውስጥ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ጎረቤቶቼ እሳት አንድደው ጠበቁኝ። «ተገላገልሽ» አሉኝ፤ የከበደኝን አውርጄ የመጣሁ መስሏቸው ነው። ቅዳሜ ስልኩ ይጮህበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አልጮኸም። ሰይፉ ይደውል ነበር፤ «ሰውዬውስ?» ይል ነበር፤ እኔም «ደኅና ነው» እል ነበር። አሁን ሁሉም ሰው አውቋል። ጌታሁን ደኅና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዓለም ላይ የለም።